ምላሴን ያሳደጉት ቤቶች

ከምግብ ሁሉ አብልጬ የምወደው የአባቴም የእናቴም አገር ምግብ አይደለም። አባቴ ከእምድብር አካባቢ የመጣ ጉራጌ ነው። እናቴ ደግሞ የመንዝ ሰው ልጅ ናት። እኔን ግን ሲደክመኝም ሆነ ሲከፋኝ የሚያምረኝ፣ ከየመን ባሕር ተሻግሮ ድሬዳዋ ጎረቤታችን ቤት የገባው የአብሽ ማባያ ነው። በትኩስ ዳቦ እየጠቀሱ ይበሉታል፤ መጀመሪያ መረር ይላል፣ ኋላ ይጣፍጣል።

ይህን በግልጽ ለመናገር ዓመታት ወስዶብኛል። ለትምህርት አዲስ አበባ ስመጣ ጓደኞቼ አገሬን ጠይቀው ሳያበቁ የምወደውን ምግብ ራሳቸው ይነግሩኝ ነበር። በአባቴ ጉራጌ ነኝ ስላቸው ክትፎ፣ በእናቴ መንዝ ነኝ ስላቸው የገብስ ቆሎና በሶ፣ ተወልጄ ያደግሁት ድሬ ነው ስላቸው ሳምቡሳ ይሉኛል። ሁሉም እውነት ነበረበት፤ አንዱም ግን እኔን አይሞላም። ያኔ ዝም ብዬ አልፍ ነበር። ዛሬ ምላሴ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው አንድ ነገር ገብቶኛል። ጣዕም ከሰው ጋር በመቀመጥ ይለመዳል፤ አብሮን የሚቀመጠው ሰው ሲለወጥም ይለወጣል። መለወጡ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ ከባድ ሆነና ከሥር ካለው ሜዳ ላይ በ1895 ዓ.ም. ቆመ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ድሬ ግን ከ1,200 ሜትር ብዙም አትርቅም። ሐዲዱ ከዚያ ተነስቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣው ዕቃ የሚራገፈው፣ የሐረርጌ ቡናና ቆዳ የሚጫነው ድሬ ላይ ነበር። ሥራ ካለ ሰው አይጠፋምና ፈረንሳዩና ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ፣ የየመን አረቡ፣ በዙሪያው ያለው ኦሮሞና ሶማሌ፣ ከሐረር የወረደው ሐረሪ፣ ከደጋ የመጣው አማራና ጉራጌ በዚያ ሜዳ ላይ ቤት ሠሩ። የእናቴ አባት ከመንዝ ወርዶ ባቡር ላይ ተቀጠረ። አባቴም በወጣትነቱ ለንግድ መጥቶ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ሱቅ ከፈተ።

እንዲህ ባለ ከተማ ያደገ ልጅ ምግብን በብሔር መክፈል አያውቅበትም። ጠዋት ፉል በዳቦ ወይም ፈቲራ ነው። ፈቲራ ጋጋሪው ሊጡን ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ እየጎተተ፣ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ እስኪታይ ድረስ ያሳሳዋል፤ ዕንቁላል ይመታበትና አጣጥፎ ይጠብሰዋል፤ ማር ይፈስበታል። ምሳ ሩዝ ወይም መኮሮኒ፣ ከሰዓት ሙሸበክ በሻይ፣ ማታ እናቴ የምትሠራው ሹሮ በእንጀራ ነው። ገበያ ውስጥ የሶማሌ ሴቶች የግመል ወተት ይሸጣሉ፤ ዕቃው በጭስ ስለሚታጠን ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። የኦሮሞ ጎረቤቶቻችን የቡናውን ቅጠል አመስ አድርገው ቁጢ ያፈላሉ። ይህ ሁሉ ለእኔ የሰፈር ምግብ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ስም አልነበረውም።

ግድግዳ የሚያገናኘን ጎረቤታችን የየመን አረብ ዝርያ ያላት ሴት ነበረች። ልጆቿ ኡሚ ስለሚሏት እኛም ኡሚ አልናት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅምና ትልቁም ትንሹም አንቺ ነበር የሚላት። ኡሚ አብሹን ታስፈጭና ማታ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። ጠዋት ከላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ ደፍታ ሌላ ትጨምራለች፤ መራራው የሚወጣው በዚያ ነው። ከዚያ ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በእጇ መምታት ትጀምራለች። ቡናማ የነበረው ዝልግልግ ነገር ቀስ በቀስ ይነጣል፣ ይነፋል፣ አረፋ ይሠራል፣ የሳህኑ አፍ ድረስ ይመጣል። ክንዷ ሲዝል እጅ ትቀይራለች እንጂ አታቆምም። በመጨረሻ በድንጋይ የፈጨችውን ቃሪያ፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ጨው አድርጋ ትቀላቅልበታለች፤ ሎሚ ትጨምቅበታለች።

ልጅ ሆኜ አልወደድኩትም። ምሬቱ ከጉሮሮዬ አልወርድ ይለኝ ነበር። ኡሚ ግን አንድ ቀን እንኳ «ብይ» ብላ አላስጨነቀችኝም። ዳቦ ቆርሳ ጫፉን ታስነካውና «ቅመሺውና ተይው» ትለኛለች። እቀምሳለሁ፣ እተወዋለሁ። በሌላ ቀን ደግሞ እንዲሁ። መቼ እንደወደድኩት አላውቀውም፤ የማስታውሰው ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ሳልገባ የእሷን በር መግፋት መጀመሬን ነው። የሚገርመው፣ እናቴም ያንኑ አብሽ እንደዚያው ዘፍዝፋ፣ መራራውን ደፍታ፣ መትታ አንጥታ በማር ትበጠብጥልን ነበር። በእኛ ቤት ለሆድና ለቆዳ ይበጃል ተብሎ የሚጠጣው፣ በኡሚ ቤት የዳቦ ማባያ ነው። አንድ ፍሬ በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት ኑሮ ይኖር ነበር።

በሁለቱ ቤቶች መካከል የማይሻገር ነገር ቢኖር ሥጋ ነው። በእኛ ዘንድ ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ሳይጻፍ የሚከበር ሥርዓት ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚለያይ አጥር ሊመስለው ይችላል። እኔን ግን መከባበርን ያስተማረኝ እሱ ነው። ታላቅ እህቴ ስትዳር እናቴ ለሙስሊም እንግዶች የሚሆን በግ ገዝታ ነፍሱ እንዳለች ለኡሚ አስረከበቻት። ኡሚ በሙስሊም እጅ አሳርዳ፣ በራሷ ድስት፣ በራሷ ጭልፋ፣ በራሷ ግቢ ሩዝ በሥጋ ሠራች። ድስቱ ወደ ሠርጉ ግቢ ሲመጣ ለብቻው በተተከለ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። እናቴ ያን ቀን የየድስቱን ክዳን እያነሳች ጨውና ቅመሙን ስትቀምስ ዋለች፤ የኡሚን ድስት ግን አልነካችም። ጭልፋ ተሳስቶ እንዳይቀያየር አንዲት የኡሚን ልጅ አጠገቡ አስቀመጠች። እኛ ስንጾም ደግሞ ኡሚ ሥጋ የሌለበትን የምስር ሳምቡሳ በተለየ ዘይት ትጠብስልናለች። ረመዳን ሲገባ እናቴ ለማፍጠሪያ ተምርና ጭማቂ ትልካለች። ስለዚህ ከኡሚ ቤት ከሥጋ በቀር ሁሉን በልቼ አደግሁ፤ የማልበላውንም ለይታ የምታውቅልኝ እሷ ነበረች።

ጎልምሼ ስለ ጣዕም ማንበብ ስጀምር፣ ኡሚ በዳቦ ጫፍ ስታደርግ የነበረው ነገር ምርምር የሚደግፈው ሆኖ አገኘሁት። ሰው ሲወለድ ጣፋጭን ይቀበላል፣ መራራን ይተፋል፤ በተፈጥሮ ብዙ መርዝ መራራ ነውና ይህ ጥበቃ ነው። መራራውን የሚያስለምደው በጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ መቅመስ ነው። ልምዱ የሚጀምረው ደግሞ ከመወለድ በፊት ነው። ፊላደልፊያ በሚገኘው ሞኔል በተባለው የጣዕምና የሽታ ምርምር ማዕከል ጁሊ ሜኔላና ባልደረቦቻቸው በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። አንዳንድ እናቶች በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት፣ አንዳንዶቹ ሲያጠቡ የካሮት ጭማቂ ጠጡ። ልጆቻቸው እህል ሲጀምሩ ካሮት የገባበትን ገንፎ እናቶቻቸው ጭማቂውን ካልጠጡ ሕፃናት ይልቅ ፊታቸውን ብዙም ሳያጨማድዱ ተቀበሉት። እናት የበላችው በእንሽርት ውሃና በጡት ወተት በኩል ለልጁ ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ያሰብኩት እናቴን ነው። እኔን አርግዛ የኡሚን ማባያ ስትበላ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። የመጀመሪያውን የአብሽ ጣዕም ያገኘሁት ምናልባት ኡሚ ዳቦ ሳትቆርስልኝ በፊት ሊሆን ይችላል።

የአባቴን አገር ምግብ የለመድኩት ዘግይቼ ነው። እንሰት ድሬ ላይ አይበቅልም። ቆጮ የምናየው ሰው ከአገር ሲያመጣልን ብቻ ነበርና ሽታው ይከብደኝ ነበር። መስቀል ሲደርስ ጉራጌ የትም ይሁን የት ወደ አገሩ ይገባል፤ አባቴም አንድ መስቀል ይዞኝ ሄደ። አያቴ ቆጮውን እንድበላ አልለመነችኝም፤ ጓሮ ይዛኝ ወጣች። ሴቶቹ የእንሰቱን ግንድ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አስደግፈው፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል። የተፋቀው በእርሾ ተለውሶ፣ በራሱ በእንሰቱ ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ድንጋይ ይጫነዋል፤ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት እዚያው ይብላላል። እንሰቱ ራሱ ለዚህ እስኪደርስ ዓመታት ይቆማል። ዝናብ ሲጠፋና እህል ሲደርቅ ጓሮ ቆሞ የሚጠብቅ ምግብ ነው፤ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ሚሊዮኖች በእሱ ይኖራሉ። አያቴ ቀርከሃውን አቀበለችኝ። ጥቂት ፍቄ ክንዴ ሲዝል የኡሚ ክንድ ትዝ አለኝ። ማታ ቆጮው ከምጣድ ሲወጣ ያ ይከብደኝ የነበረ ሽታ የጓሮው፣ የቅጠሉና የሴቶቹ ላብ ሽታ ሆኖ መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ቆጮ ስበላ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ክትፎ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥሬውን ያኔም አልቻልኩም፣ ዛሬም አልችልም። የጉራጌ ልጅ ይህን ስትናገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ መስቀል አክስቴ ክትፎውን በጣባ አቅርባ፣ አይቡንና ጎመኑን ደርድራ ፊቴን አየችው። ምንም ሳትል ጣባውን ብድግ አድርጋ ወደ ምድጃው ሄደች፤ ቅቤው ሽው እስኪል ለብ አድርጋ መለሰችልኝ። «ብይ ልጄ፣ የአባትሽ አገር ነው» አለችኝ። ጥሬ ስላልበላሁ የአባቴ አገር ሰው መሆኔ ለእሷ አልጎደለም። በዚያ ሰው መሃል ተቀምጬ ለብለብ ክትፎ ስበላ የተሰማኝን ያህል ሙሉ የጉራጌ ልጅ እንደሆንኩ የተሰማኝ ጊዜ የለም።

ምላስ አዲስ ነገር እንደሚለምድ ሁሉ የለመደውን ይተዋል። ይህንን ለመቀበል የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል። እናቴ የደም ግፊት ይዟት አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ስትመጣ ሐኪሙ ጨው እንድትቀንስ አዘዘ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ለእሷ ብቻ ለይቼ መሥራት ከበደኝና የቤቱን ሁሉ ቀነስኩ። መጀመሪያ ሹሮው ምንም የሌለበት መሰለን። ነጭ ሽንኩርቱን፣ በሶብላውንና ኮረሪማውን ጨመርኩ፤ ወጡ ሲወርድ ሎሚ ጠብ አደረግሁበት። ወራት አለፉና አንድ ቀን ምግብ ቤት ገብተን ወጥ ስንቀምስ ሁለታችንም ጨው በዛብን አልን። ወጡን ሌላው ሰው ሁሉ ያለ ቅሬታ ይበላው ነበር። የተለወጠው የእኛ ምላስ ነበር። በዚያው ሞኔል ማዕከል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረገ ሙከራም ይህንኑ አሳይቷል፤ ለወራት ጨው የቀነሱ ሰዎች ጨው ያነሰበትን ምግብ መምረጥ ጀምረዋል።

ስኳሩ ግን ልቤን ነካው። ከዓመታት በኋላ ድሬ ተመልሼ ኡሚ ቤት ስገባ፣ ያደግሁበትን ሄልና ቅርንፉድ የገባበትን ሻይ ቀዳችልኝ። ድሬ ላይ ስኳሩ ከሻዩ ጋር አብሮ ነው የሚፈላው። ግማሹን ጠጥቼ መጨረስ አቃተኝ። ጣፋጭነቱ ገፋኝ። ያደግሁበት ቤት ውስጥ እንግዳ የሆንኩ ያህል ተሰማኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ኡሚ አርጅታለች፤ ዓይኗ ግን ምንም አያመልጠውም። «አዲሳባ ስኳርሽን ወሰደው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ በዚያ ጉልበቷ ተነስታ ሌላ ማንቆርቆሪያ ጣደች፤ ያለ ስኳር አፈላችልኝ። ቅድም ከገፋኝ ሻይ ይልቅ ይህኛው የቤቴ ሻይ ሆነልኝ። በዚያ ቤት እኔን ልጅ የሚያደርገኝ ስኳሩ እንዳልነበረ ያኔ ነው የገባኝ።

በአንድ ሰው ዕድሜ የሚሆነው በአገርም ይሆናል። ሚጥሚጣውና የበርበሬው ዛላ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት ይህ ዘር በእኛ ምድር አልነበረም። ቲማቲሙም፣ በቆሎውም፣ ድንቹም ከዚያው ነው። ድንች አገራችን የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በኩል እንደሆነ ይነገራል። በርበሬው ከመምጣቱ በፊት የነበሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚያቃጥል ወጥ ሲፈልጉ ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ነበራቸው፤ ቀይ ዶሮ ወጥ ግን አያውቁም ነበር። ዛሬ በዓል ያለ ቀይ ዶሮ ወጥ በዓል አይመስለንም። አንዲት ስሟ ያልተጻፈ እናት ከሩቅ የመጣውን ቀይ ዛላ ድስቷ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጨምር፣ ቤተሰቧ ፊቱን አጨማድዶ ይሆናል። ያቺ ሴት ባትደፍር ኖሮ ዛሬ የእኔ ነው የምንለው ጣዕም አይኖርም ነበር። ስለዚህ ልጆቻችን አዲስ ነገር ሲወዱ አገር እየጠፋ ነው ብለን ባንሸበር መልካም ይመስለኛል።

እኔም ልጅ አለችኝ፤ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ፒዛና በርገር ትወዳለች። የኡሚን ማባያ ስሠራ አፍንጫዋን ትይዛለች። ባለቤቴ አንዳንዴ ጫን ብሎ «የእናትሽ ምግብ ነው፣ ብይው» ይላታል። እኔ ግን ዳቦ ቆርሼ ጫፉን አስነካውና ቅመሺውና ተይው እላታለሁ። እስካሁን ትተወዋለች። አንድ ቀን ትወደው ይሆናል፤ ላትወደውም ትችላለች። ባትወደውም የእኔ ልጅ መሆኗ አይቀንስም፤ ጥሬ ክትፎ ያልበላሁት እኔ የአባቴ ልጅ መሆኔ እንዳልቀነሰ።

ምላሴን ካሳደጉት ቤቶች የወረስኩትና ለልጄ ላወርሳት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። እነዚያ ሴቶች ሁሉ ሲያበሉኝ የራሳቸውን ምግብ አኩርተው አቀረቡልኝ፤ የማልችለውን ሲያዩ ደግሞ ሳይቀየሙ ቦታ ሰጡኝ። ኡሚ ሥጋ የሌለበትን ሳምቡሳ ለየችልኝ፤ አክስቴ ጣባውን አሞቀችልኝ፤ እናቴ የኡሚን ድስት ሳትነካ አስጠበቀችላት። ልጄም ሰው ቤት ስትገባ የቀረበላትን በአክብሮት እንድትቀምስ፣ በራሷ ቤት ማዕድ ስትዘረጋም እንግዳዋ የሚበላውንና የማይበላውን አስቀድማ ጠይቃ እንድታዘጋጅ እፈልጋለሁ። ይህን ከያዘች ምን እንደምትወድ አያስጨንቀኝም። የምትወደውን ምግብ አብረዋት የሚቆርሱ ሰዎች በየጊዜው ያስተምሯታል።